ለእንቁላል የተወራ ወሬ

መንደሩ «እትዬ ዝም» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባለሱቁ ነው። ሳሙናና ክብሪት ፈልጋ ገብታ፣ የምትፈልገውን በጣቷ ጠቁማ፣ ሒሳቧን ከፍላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመስግና ስትወጣ አየና «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኚህ ሴትዮ ግን ትንኝም አላስገቡ» አለ። ስሙ በዚያው ጸና። እሷም አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም እኮ መናገር ያስፈልጋል።

እንዲህ ሆና ግን አልተወለደችም። በወጣትነቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልብስ ሰፊ ቤት ደግሞ መርፌው ሲያርፍ ምላስ ይሠራል። ማን ወፈረ፣ ማን ከሳ፣ የማን ትዳር ሰፋ፣ የማን ጠበበ፣ ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ረግረጉ ዳር ካለው የወፎች ጣቢያ ሰዎች መጡና ሰምታ የማታውቀውን ነገር አዘዟት። አንደኛው ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ነጭ ካባ ነው፤ ፊቱ ላይ ወንፊት የመሰለ ስስ ጨርቅ ይኑረው አሏት። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ጓንት እጅ ላይ የሚጠለቅ የሽመላ ራስ።

«የሽመላ ምን?» አለች።

«ራስ። ከነአንገቱ፣ ከነመንቆሩ።»

በልቧ ሰዎቹ ጤና የላቸውም አለች። ሥራ ሥራ ነውና ግን ሰፋች። መንቆሩን አናጢ ከእንጨት ጠረበላት፤ ዓይኑን ከአሮጌ ካፖርት በፈታችው ጥቁር ቁልፍ ሠራችው። ልኩን ለማየት ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ ካባውን ራሷ ላይ አጥልቃ ብትቆም፣ ከተፈለፈሉ ብዙም ያልቆዩ ቡናማ ጫጩቶች እየተደነቃቀፉ መጥተው እግሯ ሥር ተኮለኮሉ። አንዱ ጫማዋ ላይ ወጥቶ እንቅልፉን ለጠጠ። እግሯ እስኪደነዝዝ ሳትንቀሳቀስ ቆመችለት። የስፌት መኪናዋን ለእህቷ አስረክባ ጣቢያው የተቀጠረችው በዚያው ዓመት ነው፤ ካባ ልትለካ ገብታ ራሷ ተለክታ ቀረች እያሉ እስከ ዛሬ ያሟታል።

ሥራው እንዲህ ነው። እነዚህ ሽመሎች ከምድር ላይ ሊጠፉ ጥቂት የቀራቸው ናቸው። እናትየው ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ የሚያድግላት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ነው። ሁለተኛው ወይ ይራባል፣ ወይ ወንድሙ በመንቆር ይጨርሰዋል። ጣቢያው ያንን ሁለተኛውን እንቁላል ከጎጆ አንስቶ በማስፈልፈያ ማሽን ይፈለፍለዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጫጩት መጀመሪያ ያየውን ሁሉ እናቴ ይላል። ሰው ካየ ሰው እናቱ ነው፤ የሰው ድምፅ ከሰማ ባለድምፁ ዘመዱ ነው። እንዲህ ያደገ ሽመላ ረግረግ ላይ ቢለቁት ዘመድ ጥየቃ መንደር ይገባል፤ መንደር ውስጥ ደግሞ ውሻ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ድስትም አለ።

ስለዚህ ጫጩቶቹን የሚያሳድግ ሁሉ ነጩን ካባ ይለብሳል። በእጁ በጠለቀው የወፍ ራስ ያጎርሳቸዋል፤ እጅጌው ውስጥ ከደበቃት ትንሽ ማጫወቻ የሽመላ ድምፅ ያሰማቸዋል። ወደ ጫጩቶቹ ከሚያስገባው ሁለተኛ በር ወዲያ አንድ የሰው ቃል አይወጣም። ማስነጠስ ቢመጣ በክርን ይታፈናል፣ እባብ ቢታይ በእጅ ይጠቆማል፣ ሚስማር እግር ቢወጋ ጩኸቱ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ሠራተኛ ይህን አልቻለም። እትዬ ዝም ቻለችው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ቻለችው፤ ካባውን ማታ ማታ በሩ ላይ ሰቅላ ስትወጣ ዝምታውን መስቀል ትረሳለች።

ቤቷ ከጣቢያው አጥር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ የሠራተኛ ቤት ነው፣ ሁለት ክፍል፣ ጓሮው ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ። አብራት የምትኖረው እናቷ ናት። እናትየዋ ዓይኗ ደክሟል፤ አጠገቧ ያለውን ታያለች፣ ራቅ ያለው ግን ጭጋግ ነው። ምላሷን ግን እግዜር አልነካባትም። ቀኑን ሙሉ ከመጥረጊያው፣ ከማንቆርቆሪያው፣ ከጎረቤት ድመት ጋር ስታወራ ትውላለች። ማታ ልጇ ስትመጣ ፊቷ ይበራል፣ ወንበሯን ወደ ገበታው ትስባለች።

«እህ፣ ዛሬስ?»

«ደህና።»

«ወፎቹ?»

«ደህና ናቸው።»

«ሌላስ?»

«ምንም።»

ጥርስ ነቃይ ፊት የተቀመጠች ይመስል ቃል በጉጠት ነው የሚወጣላት። እናትየዋ ጥቂት ጠብቃ፣ ሻይዋን ፉት ብላ፣ ወደ ማንቆርቆሪያዋ ትመለሳለች። እትዬ ዝም ክፉ ልጅ አልነበረችም። የእናቷን እግር ታጥባለች፣ መድኃኒቷን ሰዓት ጠብቃ ታቀብላለች፣ ብርድ ሲሆን የራሷን ብርድ ልብስ ትደርብላታለች። አፏ ብቻ ሥራ ላይ ይቀራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ዝናቡ ከልኩ ባለፈበት ዓመት ነው። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ጣቢያው ውስጥ ገባ፤ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ውሃ ጠጥቶ ዝም አለ። ማሽኑ ውስጥ የነበሩትን እንቁላሎች በመኪና ወደ ከተማ አሻገሯቸው። አንዱ ግን ሊፈለፈል ተቃርቦ ነበር። የጣቢያው ሐኪም፣ ወጣት፣ ጠንቃቃ፣ ከሲታ ሰው ነው፣ እንቁላሉን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ከውስጥ መቆርቆር ጀምሯል» አለ። «በዚያ መንገድ ከተንገጫገጨ ያልቃል። ቅርብ ደረቅ ቤት ያለው ማን ነው?»

እትዬ ዝም በእጇ ወደ ቤቷ ጠቆመች።

እንቁላሉን በጥጥ በተሞላ ቅርጫት፣ ዙሪያውን በጨርቅ የተጠቀለሉ የሙቅ ውሃ ጠርሙሶች ደርድረውለት እናትየዋ ጭን አጠገብ አኖሩት። ሙቀቱ ሲወርድ የምትጮህ ቴርሞሜትር አለችው፤ ስትጮህ ውሃውን መለወጥ ነው። ልጇና ሐኪሙ ጎርፍ ውስጥ ቆመው የተረፉትን ጫጩቶች ከነአጥራቸው ወደ ኮረብታው ማውጣት ነበረባቸውና ሌላ ሰው አልነበረም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ» አለ ሐኪሙ። «አጠገቡ እንዳያወሩ። አሁን ይሰማል።»

«ማነው የሚሰማው?»

«እንቁላሉ።»

እናትየዋ ወደ ልጇ ዞረች። «ይሄ ልጅ እንቅልፍ አላገኘም መሰለኝ።»

«እውነቱን ነው እማዬ» አለች ልጇ።

«እሺ፤ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት እንደሆነ አስተማሪ ከቤቴ አለልኝ።»

ውሃው እስኪጎድል እንቁላሉ እዚያው ቆየ። እትዬ ዝም ጭቃ በጭቃ ሆና ብቅ ባለች ቁጥር እናቷ ከንፈሯን እንደ ቦርሳ ዘግታ፣ እጇን ቅርጫቱ ላይ ጭና ተቀምጣ ታገኛታለች። ፊቷ ላይ ደስ የሚል ነገር ነበረበት። አንዴ ጠረጠረችና «አወራሽ እንዴ?» ብትላት፣ «ካወራሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች። በቀረቻት ጥቂት ብርሃን ስትምል ማን ይጠራጠራል? መብራቱ ተመለሰ፣ እንቁላሉ ወደ ማሽኑ ገባ፣ ጫጩቱም እዚያው ተፈልፍሎ እንደ ሌሎቹ ነጭ ካባ አየ። እግሩ ላይ ቀይ ቀለበት አሰሩለትና «ባለቀዩ» ተባለ። ከሁሉ የበለጠ በላ፣ ከሁሉ ቀድሞ ክንፍ አወጣ። የተሻለ አስተዳደግ ያለው ወፍ አልታየም ነበር፣ እስከዚያች ጠዋት።

ያን ጠዋት እትዬ ዝም ካባዋን ለብሳ ወገቧ ድረስ የደረሱትን ወጣት ሽመሎች አሰልፋ በአጥሩ ጥግ ወደ ረግረጉ ትወስዳቸው ነበር። ከአጥሩ ማዶ እናቷ ልብስ ታሰጣለች። ልብስ ማስጣት ያለ ወሬ አይሆንላትም፤ የልጇን ሸሚዝ ይዛ «አንተ ደግሞ ስንት ጊዜ ታጥበህ ነው እንዲህ የሳሳኸው» እያለች ትገሥጸዋለች።

ባለቀዩ ቆመ። አንገቱን ቀጥ አደረገ። ከዚያ ሰልፉን ጥሎ ወደ አጥሩ ሮጠና ደረቱን ሽቦው ላይ ለጥፎ «ጲው» አለ፣ ትልቅ ወፍ በጫጩት ድምፅ። እትዬ ዝም ማጫወቻዋን ተጫነች፤ አልዞረላትም። በመንቆሯ ትከሻውን ነካችው፤ አልዞረላትም።

«ውይ፣ አንተ ነህ?» አለች እናቷ ከማዶ፣ ቀስ ብላ። ወዲያው ከወፉ ኋላ ያለው ነጭ ነገር ማን እንደሆነ ገባትና እርጥቡን ሸሚዝ አፏ ላይ ጫነችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይሄንን ነው።

ማታ ገበታው ላይ፣ በስንት ዘመን አንዴ፣ ወሬ የጀመረችው ልጇ ሆነች።

«አውርተሽዋል።»

«ጥቂት።»

«እማዬ!»

«እኔ እኮ ዝም ብዬ ነበር» አለች እናትየዋ፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች። «የጀመረው እሱ ነው። ከውስጥ ሆኖ ጲው አለ። ሲጠሩት አቤት የማይል ማን አለ? አቤት አልኩት። ደግሞ ጲው አለ። ከዚያማ በቃ፣ ጨዋታ ሆነ።»

«ምን አወራሽው?»

«ምን የማላወራው አለ? ስለ አባትሽ። ስለ ጉልበቴ። አንቺ ትንሽ ሆነሽ ስኳር ሰርቀሽ ፊትሽ ላይ ዱቄቱ ስለቀረው። ሁሉን ሰማኝ። ባልኩት ቁጥር ይመልስልኝ ነበር።» «ደስ አለኝ» አለች። «ምን ልዋሽሽ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

እትዬ ዝም ልትቆጣ ያዘጋጀችው ነገር ነበር። ጠፋት። እንደ ልማዷ ተነሥታ ሰሃኑን ማጠብ ጀመረች።

ሐኪሙ ሲነገረው አልጮኸም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ሽመሎቹ ከመለቀቃቸው በፊት ሰው እንዲፈሩ ማስደንገጥ የተለመደ ነው፤ ካባ ያልለበሰ ሰው ከሸንበቆ ውስጥ ድንገት እየጮኸ ይወጣባቸዋል፣ ካባ የለበሰችው «እናት» ደግሞ የድንጋጤ ድምፅ አሰምታ ትሮጣለች፤ እነሱም ተከትለዋት ይሮጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ይማራሉ። ባለቀዩም ከሐኪሙ፣ ከሾፌሩ፣ ከዘበኛው በደንብ ሸሽቷል።

«ከእሳቸው ድምፅ ካልሸሸ ግን አልለቀውም» አለ ሐኪሙ። «ረግረጉ ዳር ስንት እናት ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች። የየትኛዋ ድምፅ እንደሚመስለው እኔ አላውቅም። አንዷ ልጇን ስትጠራ እሱ አቤት ብሎ ይሄዳል።»

«ካልተለቀቀስ?» አለች እትዬ ዝም።

«እዚሁ አጥር ውስጥ ነዋ። እነዚህ ወፎች ደግሞ ዕድሜያቸው ረጅም ነው።»

ባለቀዩ በዚያን ሰዓት አጥሩ ውስጥ ክንፉን ዘርግቶ ነፋሱን እየሞከረው ነበር። ሁለት ክንድ ያህል ከመሬት ይነሣና የጣሪያው መረብ ላይ ሳይደርስ ይወርዳል። እትዬ ዝም ይህን አይታ ነው ወደ ቤት የሄደችው።

«እኔ ልጩህበት?» አለች እናትየዋ። «እኔ በልጅ ላይ ጮኼ አላውቅም።»

ልጇ አየቻት። ያቺ ልጅ ያደገችው ከሦስት ቤት ማዶ በሚሰማ ድምፅ ነው።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ያ ምክር ነበር።»

እሺ ማለቷ ግን አልቀረም። ብረት ድስትና ጭልፋ ሰጥተው ከሸንበቆው ጀርባ አቆሟት። ልጇ ካባዋን ለብሳ ወፎቹን ይዛ መጣች። እናትየዋ ወጣች፤ ድስቷን እንግዳ እንዳይነቃባት የምትፈራ ይመስል ቀስ አድርጋ ኳ ኳ አደረገችው። «ሂድ» አለች። «ሂድልኝ እንግዲህ... ምን ያደርግልሃል እዚህ፣ የኔ ጌታ...» ሌሎቹ ሽመሎች ለወጉ ያህል ሮጡ። ባለቀዩ ግን ቀጥ ብሎ መጥቶ ቀሚሷ ላይ ያለውን ቁልፍ በመንቆሩ ጎንተል አደረገላት። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

«አልቻልኩም» አለች በኋላ። «እንዴት እንደመጣ አያችሁት አይደል? እየሳቀ እኮ ነው የመጣው።»

ወፍ አይስቅም የሚላት አልተገኘም። ሐኪሙ ፊቱን አዞረ።

ውሃው ልክ ደርሶ የሌሎቹ መለቀቂያ ሲቀርብ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ሊሞክሩ ተስማሙ። ይሄኛው የመጨረሻው መሆኑን ለእናትየዋ ነገሯት፤ ካልሆነ ባለቀዩ ይቀራል። ድስቱን ሲያቀብሏት «ተዉት፣ ጩኸት ከሆነ የፈለጋችሁት አለኝ» ብላ ምርኩዟን ብቻ ይዛ ሄደች።

መጀመሪያ እንደ ድሮው ነበር። «ሂድ» አለች፣ ባለቀዩም አንገቱን አቅንቶ መምጣት ጀመረ። ምርኩዟን መሬት ላይ መታች። «ሂድ አልኩህ!» አሁንም መጣ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ እሷም የማታውቀው ነገር ደረቷን ሞልቶ ወጣ።

«ምን አለ ብለህ ነው የምትመጣው? እዚህ ቤት ሰው ያለ መሰለህ? እዚህ ቤት ያለው ዝምታ ነው! ጠዋት ዝም፣ ማታ ዝም! ልጅ አለኝ እያልኩ ከግድግዳ ጋር ነው የምኖረው! ቀኑን ሙሉ ስጠብቃት ውዬ ደህና ብላኝ ትተኛለች! ቀና ብላ፣ እማዬ ምን ሆንሽ፣ ምን ስታደርጊ ዋልሽ ብላኝ አታውቅም! ሂድ! ሰው ካለበት ሂድ!»

እውነተኛ ጩኸት ነበር፤ የተሰነጠቀ፣ ያረጀ፣ ሰው በሕይወቱ አንዴ የሚጮኸው ዓይነት። ባለቀዩ ባለበት ደረቀ። እትዬ ዝም በስሱ ጨርቅ ውስጥ እናቷን አየቻት። እያንዳንዱ ቃል ማን ዘንድ እንደሚሄድ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ካባውን ገፍፋ ጥላ ሄዳ እግሯ ላይ ብትወድቅ ወደደች። ግን አሁን የእሷ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መሸሽ። ወደ እናቷ አንድ እርምጃ ብትራመድ ወፉም ይራመዳል፣ ዕድሜውንም መረብ ሥር ይጨርሳል።

ማጫወቻውን ተጫነችና ከእናቷ ሸሸች።

ሮጠች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች፣ የክንፍ መርገብገብ ሰማች፤ ባለቀዩ እግሬ አውጪኝ ብሎ አጠገቧ ደርሶ ነበር። ሸንበቆው ጥግ ገብተው ተቀመጡ። ወፉ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ካባዋ ሥር ወተፈ። ከወዲያ በኩል ጩኸቱ ቆሞ ሌላ ድምፅ ተተካ፣ ልቅሶ ነው። እትዬ ዝም አንዱ እጇ የወፍ ራስ፣ ሌላው ማጫወቻ ይዞ ስለነበር እንባዋን የምትጠርግበት አልነበራትም። ሐኪሙ እናትየዋን ደግፎ እስኪወስዳት ከዚያ አልተነሣችም።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ማንቆርቆሪያው ብቻውን ይፈላል። «እህ፣ ዛሬስ?» የሚል የለም። እትዬ ዝም ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግሞ ከፈተች። ሲለፈልፍ ለኖረ ሰው ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ያልለመደ ሰው ወሬ ሲጀምር ሸክም እንደሚያነሣ ነው፤ መጀመሪያ የት ጋ እንደሚይዘው አያውቅም።

«ዛሬ» አለች። «ዛሬ አንዱ ወፍ... ትንሹ፣ ባለሰማያዊው... እንቁራሪት ዋጠ።»

እናቷ ከግድግዳው አልዞረችም።

«ትልቅ እንቁራሪት ነው። ከአቅሙ በላይ ነው የዋጠው። እግሯ በመንቆሩ በኩል ወጥቶ ቀረ። እንዲሁ እግሯን አንጠልጥሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ኮራ ብሎ ሲዞር ዋለ። ሐኪሙ ሳቅ አፍኖት ካባውን ነክሶ ነው የወጣው።»

የእናትየዋ ትከሻ ተንቀሳቀሰ። «ዋጣት በመጨረሻ?»

«ወደ ማታ።»

«ስግብግብ» አለች እናቷ ለግድግዳው። ቆይታ፣ «ከዚያስ?» አለች።

ከዚያ ሌላ ነገረቻት። ንግግሯ እየተደነቃቀፈ፣ መሐሉን ትታ መጨረሻውን እያስቀደመች፣ ግን ነገረቻት። እናትየዋ ቀስ በቀስ ወንበሯን አዞረች። ሊተኙ ሲሉ ልጇ «እማዬ፣ ያ ግድግዳ ያልሽው...» ብላ ጀመረች።

«ለወፉ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

ሁለቱም ዋሽተው ተኙ።

ከዚያ ወዲህ እናትየዋ በየጊዜው እየመጣች ጮኸች፤ ባለቀዩም በየጊዜው ሸሸ፣ እያደር ድምፅዋን ከሩቅ ሲሰማ ይነሣ ጀመር። ይህ ግን ለሐኪሙ አልበቃውም። የመልቀቂያው ጠዋት ረግረጉ ዳር ሽመሎቹ እዚያ ከተተከለላቸው ጊዜያዊ አጥር ወጥተው ሣሩ ውስጥ ሲለቅሙ፣ እናትየዋን ከልጇ ጋር ረጅሙ ሸንበቆ ጀርባ አቆማቸው። እትዬ ዝም ያን ቀን ካባ አልለበሰችም።

«እማማ፣ ዛሬ አይጩሁበት» አለ። «ያኔ እንቁላል ሳለ እንዳወሩት አድርገው ይጥሩት።»

እናትየዋ ደነገጠች። «ቢመጣስ?»

«ከመጣ ይመለሳል፤ ወደ አጥሩ።»

«ቀስ ብዬ ልጥራው? እንዳይሰማኝ?»

«እንዲሰማዎት ነው የምንፈልገው። ሳይሰማ ከሄደ ምንም አላወቅንም።»

ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ትክክል ነበር፣ ትክክል መሆን ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት ይከፋል። እናትየዋ የልጇን ክንድ ያዘች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ምንም ሳትሰስት፣ ምንም ሳታታልል፣ ያለ የሌለ ፍቅሯን ድምፅዋ ላይ አድርጋ ጠራችው።

«የኔ ጌታ» አለች። «አቤት በለኝ እስቲ። እኔ ነኝ። ጉልበቴን ትላንትም አመመኝ፣ ያልነገርኩህ ብዙ አለ...»

እሷ የምታየው ጭጋግ ብቻ ነው። «ምን አደረገ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። «ንገሪኝ።»

«ሰምቷል» አለች ልጇ። «አንገቱን ቀና አድርጓል።»

«ደህና ነህ ወይ፣ የኔ ጌታ፣ በልተሃል ወይ... ንገሪኝ አልኩሽ።»

«ወደዚህ እያየ ነው። አንድ እግሩን አነሣ። ወደዚህ ነው... ወደዚህ ተራመደ፣ እማዬ።»

የእናቷ ጣቶች ክንዷን አስጨንቀው ያዙት። ድምፅዋ ግን አልቀነሰም፣ ጥሪው ጥሪ እንደሆነ ቀጠለ፤ «ና እስቲ፣ ና የኔ ልጅ፣ ና» ትላለች፣ እንባዋ አገጯ ድረስ እየወረደ።

«ቆመ» አለች ልጇ። «እግሩን አሳረፈው። ራሱን ዘንበል አድርጎ ይሰማሻል። አሁን... አሁን ላባው ተነሣ። ክንፉን ዘረጋ። እየሮጠ ነው እማዬ፣ ወደ ውሃው፣ ወዲያ ነው የሚሮጠው። ተነሣ። እግሩ ከሣሩ ለቀቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከውሃው በላይ ናቸው፣ ክንፋቸው ጫፉ ጥቁር ነው፣ እሱ ከፊት ነው። ከዛፎቹ በላይ ወጡ።»

እናትየዋ መጥራቷን ያቆመችው ያን ጊዜ ነው።

«ዞር ብሎ አየ?»

ልጇ ነጩን ነገር በዓይኗ እስክታጣው ድረስ ተከተለችው።

«አላየም» አለች። «አንዴም ዞር አላለም።»

«እሰይ» አለች እናቷ። እያለቀሰች፣ የልጇን ክንድ እንደያዘች፣ «እሰይ፣ እሰይ ልጄ» አለች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «በይ አሁን ከመጀመሪያው ድገሚልኝ። ምንም እንዳትተዪ።»

ልጇም አንገቱን ቀና ካደረገበት ጀምራ ደገመችላት።